ትንሽ ትነዝራለች

«ምጣዷ ትንሽ ትነዝራለች፤ ጫማ አድርጊ።»

ይህቺን አባባል ፍኖተ ሰላም ሰምቻታለሁ፣ ቡሬ ዘመድ ቤት ሰምቻታለሁ፣ አዲስ አበባ በተከራየሁባቸው ግቢዎች ሁሉ ሰምቻታለሁ። ሁልጊዜ በተረጋጋ ድምፅ ነው የምትነገረው፤ «በሩ ይከብዳል፣ ገፋ አድርጊው» እንደሚባለው። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጠር ወይ ምራት ቤት ስትገባ ከማድ ቤቱ ዕቃ ጋር አብራ የምትረከባት ነገር ናት፦ ሊጡ እዚያ ነው፣ ማሰሻው እዚህ፣ አክንባሎው ግድግዳው ላይ፣ ምጣዷ ደግሞ ትነዝራለች።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የተማርኩት ምሕንድስና ነው። ምጣድ ፊት ቆሞ ሃያ ሠላሳ እንጀራ የማውጣት ልምድ ግን የለኝም፤ ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ለምን እንደሌለኝ ይገባዋል። ይሄ ራሱ የጉዳዩ አካል ነው። ፍኖተ ሰላም ያለውን የእናቴን ቤት ስናድስ ስለ ማድ ቤቱ መስመር ሦስት ሰዎች ተከራከርን፦ ገንዘቡን የሚያወጣው አጎቴ፣ ሽቦውን የሚዘረጋው ኤሌክትሪሻንና እኔ። ሦስታችንም እንጀራ አንጋግርም። የምትጋግረው ውስጥ ሆና ቡና ታፈላልን ነበር።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ስለ አደጋው የሚወስነው ሰው ሌላ፣ አደጋውን የሚሸከመው ሰው ሌላ ሲሆን፣ «የራሴ ቤት ነው፣ እንደፈለግኩ አደርገዋለሁ» የሚለው ንግግር ምን ይቀርለታል?

መጀመሪያ ግን «ትነዝራለች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሲገባን ቃሉ ራሱ ያስደነግጣል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስብስብ ነገር አይደለም። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ይሄዳል። ሽቦው ይግላል፣ ሸክላው ይግላል፣ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ዙሪያውን አቅፎ የያዘው ቆርቆሮ ነው። ሸክላ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሊጥ ይፈስሳል፣ ከአክንባሎው የሚወርደው እንፋሎት ጠርዙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሸክላው ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኮረንቲው ከሽቦው ወደ ቆርቆሮው የሚወጣበት መንገድ ያገኛል። ቆርቆሮው ላይ ግራውንድ፣ ያ ቢጫና አረንጓዴው ሦስተኛ ሽቦ፣ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ኮረንቲው በእሱ በኩል ወደ መሬት ይሄድ ነበር። ሽቦው ከሌለ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ሊጥ የነካ እጅ፣ የረጠበ ሲሚንቶ፣ ባዶ እግር።

የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ቆዳው የረጠበ ሰው ኮረንቲን የመከላከል አቅሙ ወደ 1000 ኦም ገደማ ይወርዳል። ሲካፈል 220 ሚሊ አምፒር ይመጣል። ይህን ቁጥር ከምን ጋር እናስተያየው? በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ቻርለስ ዳልዚል የሚባል መሐንዲስ በፈቃደኞች ላይ አንድ ነገር ለክቶ ነበር፦ ሰው በእጁ የጨበጠውን፣ ኮረንቲ ያለበትን ነገር በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚችለው እስከ ስንት ድረስ ነው? ከዚያ ካለፈ ጡንቻው ይኮማተራል፤ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። የወንዶቹ አማካይ 16 ሚሊ አምፒር ሆነ፣ የሴቶቹ 10.5። የፈተናቸው 134 ወንዶችና 28 ሴቶች ነበሩ። ማድ ቤት ቆማ የምትውለው ማን እንደሆነች አስቡና ቁጥሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው።

ስለዚህ «ትንሽ ትነዝራለች» ስንል «ትንሽ» የሚለው ቃል የሚለካው ምጣዷን አይደለም፤ ጫማውን ነው። የኮንጎ ጫማው ደረቅ ስለሆነ፣ ወለሉ ዛሬ ስላልታጠበ፣ እጇ ቆርቆሮውን በጨረፍታ ስለነካው ነው ትንሽ የሆነው። ምጣዷ ውስጥ ያለው ያው 220ው ነው።

እኛ ሶፍትዌር ቤት አንድ ልማድ አለን። አንድ ስሕተት ይታወቃል፣ ይመዘገባል፣ ግን አይስተካከልም። በምትኩ ተጠቃሚው እንዲህ አድርጎ ይለፈው የሚል ምክር ይጻፍለታል፦ ሁለቴ ተጫን፣ ውጣና ግባ። ችግሩ እኛ ጋ ሆኖ ሳለ መፍትሔው የተጠቃሚው ሥራ ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስሕተቱን ማንም እንደ ስሕተት አያየውም፤ አዲስ ሰው ሲመጣ «እሱ እንደዚህ ነው የሚሠራው» ይባላል። «ጫማ አድርጊ» ልክ ይሄ ነው። ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው፣ ጥገናው የተደረገው የሴትየዋ እግር ላይ ነው። ልዩነቱ፣ የእኔ ተጠቃሚ ቢበዛ ይናደዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። «ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን፣ ትልቅ አስገባንበት» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ድሮ በቫልቮላ ዘመን የተቃጠለውን አውጥቶ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ነበር፤ አሁን ዘመናዊ ሆነን በ16ቱ ፋንታ 32 እንገዛለን። ብሬከሩ የሚወድቀው ሊነግረን ነው። እኛ ግን መልእክተኛውን ቀይረን ዝም የሚል አመጣን።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። ማድ ቤታችን እንደ አብዛኛው የከተማው ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ከጓሮ ነው ያለው፤ ከቆጣሪው 18 ሜትር ይርቃል። ኤሌክትሪሻኑ እጁ ፈጣን፣ ሥራው ጥሩ ሰው ነው። «ሁለት ሽቦ ነው ሦስት?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ «እስከ ዛሬ በሁለት አልነበር እንዴ?» አለ። ከዚያ እኔ ገባሁ።

ኤሌክትሪሻኑ የተናገረው ነገር አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ወንድሜ፣ ሦስተኛውን እስብልሃለሁ። ግን በሥራ ዘመኔ ግራውንድ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። ሰው የሚጠይቀኝ አምፖሉ የት ይሁን፣ ሶኬቱ ምን ቀለም ይሁን ብሎ ነው። እሱን ዋጋ ላይ ስጨምር ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራሉ።»

ሰውየው እውነቱን ነው። ሦስተኛው ሽቦ ኖረም አልኖረም አምፖሉ ይበራል፣ ምጣዱ ይግላል። ጥሩው ሥራና መጥፎው ሥራ አንድ ዓይነት ፈተና አብረው ያልፋሉ፤ ምናልባትም ለሃያ ዓመት። ግድግዳው ሲለሰን ደግሞ ማንም አያየውም። ሴራሚኩን ጎረቤት ያያል፣ የጂፕሰሙን ኮርኒስ ጎረቤት ያያል፣ ለእንኳን ደስ ያላችሁ የመጣ ሁሉ ያደንቃል። «እንዴት ያምራል ግራውንዳችሁ» ያለ እንግዳ እስካሁን አልተወለደም። እኛ በማድ ቤቱ ሴራሚክ ላይ ካወጣነው ጋር ሲተያይ የሽቦው ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር፤ ክርክሩ ግን ስለ ሴራሚኩ አልነበረም።

በዚህ አጋጣሚ ቤት እያደሳችሁ ያላችሁ ካላችሁ ቁጥሮቹን ልስጣችሁ፤ ሥነ ምግባር ያለ ቁጥር ወሬ ሆኖ ይቀራል። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ይጎትታል፤ ያውም ለሁለት ሰዓት ሳያርፍ። ለመብራት የሚሳበው 1.5 ካሬ ሽቦ ይህን አይችልም። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር። በዲቫይደር በፍጹም። ላላ ያለ ማሰሪያ ደግሞ ከቀጭን ሽቦ አይተናነስም፦ በአንድ መጋጠሚያ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር በ16 አምፒር 25 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይቀመጣል። ሞባይል ጠጋኞች ብረት የሚያቀልጡባትን መበየጃ አስቧት፤ እሷ ናት ግድግዳችሁ ውስጥ ተሰክታ የምትውለው። ሶኬቱ ቡናማ ከሆነ፣ ስፒናው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ሥራ ጀምራለች ማለት ነው። የግድግዳው ጭቃ ሥር ያለው ደግሞ የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው።

ሌላው፣ «ጓሮ ብረት ቀብረናል፣ ግራውንድ አለን» የሚለው ነገር ብቻውን አያድንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። የበጋ ደረቅ አፈር ውስጥ ያለ አንድ ዘንግ 50 ኦም ቢኖረው፣ ቆርቆሮው ላይ የወጣው 220 ቮልት 4.4 አምፒር ብቻ ነው ወደ መሬት የሚልከው። የ20 አምፒሩ ብሬከር ይህን ከምንም አይቆጥረውም፤ ቆርቆሮው ኮረንቲ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አር ሲ ዲ የሚባለው መሣሪያ የሚያስፈልገው። የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ እንደ በረኛ ይቆጥራል፤ 30 ሚሊ አምፒር ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው በኩል እየሄደ ሊሆን ይችላል ብሎ ዓይን ሳይጨፈን መስመሩን ይቆርጣል። የዚህን መሣሪያ አንዱን ዓይነት የሠራው ያው ዳልዚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961። «ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር ሶኬቱ ውስጥ አገናኘዋለሁ፣ ያው ነው» የሚላችሁ ባለሙያ ካለ ግን አመስግናችሁ አሰናብቱት። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የምጣዱ ቆርቆሮ ሙሉውን 220 ይለብሳል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ግን ስንት ዘመን ተጋግሮ ማን ሞተ?» አለ። ከዚያ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ጨመረ፦ «ቀኑ የደረሰ በሰፌድም ይሞታል።»

ይህን ንግግር በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። አጎቴ ግድ የለሽ ሰው አይደለም፤ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ቀኗ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ለቅሶ ቤት ሲባል ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ የተረፈውን ሰው ከመቃጠል ያድናል። ችግሩ ቃሉ ከለቅሶ ቤት ተነሥቶ ግንባታ ቦታ ሲመጣ ነው። ከሞት በኋላ መጽናኛ የነበረው፣ ከሞት በፊት ሰበብ ይሆናል። እናቴ ያኔ ነው ጀበናውን ይዛ ብቅ ያለችውና ኦሪትን የጠቀሰችው። ኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ካላደረገና ሰው ከወደቀ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። የዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይመላለስበታል። ልብ በሉ፣ ትእዛዙ የተሰጠው ጣሪያው ላይ ለሚሄደው አይደለም። «ተጠንቅቀህ ሂድ፣ ጫማ አድርግ» አይልም። የሚናገረው ለሚገነባው ነው። የሰው ቀን በእግዚአብሔር እጅ ነው ብሎ የሚያምን መጽሐፍ፣ መከታውን ግን ለግንበኛው ተወው።

የእኛም ሕግ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2077፣ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበም ቢሆን፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ይህን አንቀጽ ይዛ ፍርድ ቤት ስትቆም ግን እኔ አይቼ አላውቅም። ምጣዷ ስትነዝራት የምታደርገው ጫማ መፈለግ ነው።

(በእነዚህ ዓመታት ስለ ቤት እድሳት መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። አካባቢያችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነት፣ የተዘጋ መንገድ፣ ለወራት የተቋረጠ ኢንተርኔት ያየ ነው። ይገባኛል። ግን በጦርነት መሀልም እንጀራ ይበላል፤ የሆነች ሴት ቆማ ነው የምትጋግረው።)

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ እሱም ድህነት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ፣ ማንኩሳን አልፋችሁም ሆነ ሳትደርሱ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላችሁ እዩ። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ የተቀጠለ መብራት፣ ሽቦውን የተሸከመ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ግድግዳ ላይ በምስማር የተያዘ ሶኬት። እዚህ ቤት ገብቼ ስለ 4 ካሬና ስለ 30 ሚሊ አምፒር ባወራ ሰው የሚስቅብኝ በትክክል ነው። ከእኛ ቤት ብዙም የማይርቅ ገጠር ያለች ዘመዳችን አንድ ጊዜ «ጭሱ ዓይኔን ጨርሶታል፤ ይቺ ብትነዝርም ትሻላለች» አለችኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። እርጥብ ማገዶ ስታራግብ የኖረች ሴት ሁለት አደጋዎችን መዝና አንዱን መርጣለች። ምርጫው ጠባብ ነው፤ ያጠበበው ሌላ ነው። ግን የራሷ ነው፣ የምትሸከመውም እሷ ናት።

የእኛ ቤት ነገር ከዚህ ይለያል፤ መስመሩን የማሰምረውም እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ያጣ ሰው የሚሸከመው አደጋ አለ፤ ሴራሚክ የመረጠ ሰው ለሌላ ሰው የሚያሸክመው አደጋ አለ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ስም ሲምል ነው የሚያናድደኝ። «ድሃ አገር ነን» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱን እየለሰነ ነው የሚለው።

«ታዲያ ሠራተኛዋ ፈቅዳ አይደል የምትሠራው?» ይባላል። የምን ፈቃድ? ሰው የሚፈቅደው ያወቀውን ነው። የተነገራት «ትንሽ ትነዝራለች» ተብሎ ነው። 10.5 ሚሊ አምፒርን ማን ነገራት? እምቢ ብትልስ ማታ የት ታድራለች? ሌላም አለ። በእኛ ሰፈር ማታ ሁሉም ምጣድ ሲለኩስ መብራቱ ይደክማል። ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ ኃይሉ በካሬ ስለሚቀንስ፣ የ3500 ዋቱ ምጣድ ወደ 2340 ዋት ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ ትጋግራለች። እንቅልፍ ያልጠገበች፣ ብቻዋን፣ የሚጮህላት በሌለበት ሰዓት። አደጋው ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል።

ቡሬ ላይ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ። እዚያ አንድ ማሽን ሠራተኛ መንዘር ቢጀምር ማሽኑ ቆሞ መሐንዲስ ይጠራል እንጂ ለሠራተኛው «ጫማ አድርግ» ተብሎ የሚቀጥል አይመስለኝም። የማድ ቤቱ ምጣድና የፋብሪካው ማሽን የሚነዝሩት በአንድ ዓይነት ኮረንቲ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ቦታ ላይ የሚሠራው ነገር ሥራ ተብሎ መጠራቱ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ እኛም ቤት እልል ተብሏል፤ ዓባይ የጎጃም ወንዝ ነው፣ 5150 ሜጋ ዋት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከቆጣሪው በኋላ ያሉትን የመጨረሻ 18 ሜትሮች ግን መንግሥት አይዘረጋቸውም። እነሱ የእኛ ናቸው።

አጎቴ በመጨረሻ «ይሳብ» አለ። ያሳመነው የእኔ ቁጥር ነው ወይስ የእናቴ ኦሪት፣ አልጠየቅኩትም፤ ምናልባት ቡናው ነው። ማድ ቤቱ ሦስተኛ ሽቦውንም፣ አር ሲ ዲውንም አገኘ። መሣሪያው ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለችው፤ እየቆዩ መጫን ያስፈልጋል፣ ሳይሠራ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ብቻ ነው። እናቴ ወር በገባ በልደታ ትጫናታለች። «ጠቅ» ብላ ስትወድቅ «ነቅታለች» ትላለች።

ያልተቋጨው ነገር ሰርቪሱ ነው። ከጓሮ ካሉት ክፍሎች አንዱን የተከራየች ሴት አለች፤ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከእኛ ቤት ሁሉ ምጣድ ፊት ብዙ ሰዓት የምትቆመው እሷ ናት፤ መስመሯ ደግሞ የድሮው፣ ሁለት ሽቦው ነው። እናቴ «ለሷስ?» አለች። አጎቴ ስልክ ላይ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። «ተከራይ ነገ ትሄዳለች» አለ። እናቴ «የምትመጣዋስ አትጋግርም?» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ «የተረፈ ሽቦ ካለ ይሁን» አለ።

ኤሌክትሪሻኑ ለካ። ከሳጥኑ እስከ ክፍሏ 11 ሜትር ነው፤ ጥቅሉ ላይ የቀረው 9 ሜትር ነበር። አጎቴ ስልኩ ውስጥ ሆኖ «በሌላ ሽቦ ቀጥሉበታ፣ ሁለት ሜትር ምን አላት!» አለ። ኤሌክትሪሻኑ እኔን አየኝ፣ ስልኩን አየው። «ጋሼ፣ ይሄ አይቀጠልም፤ ምጣድ ነው» አለና ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ገበያ ወረደ።